ላብና ክርክር

መተማ ላይ መዳፍ ደርቆ አይውልም። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ በተኛው በዚህ ቆላ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሲሆን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ክረምቱ ወጥቶ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ በፀሐዩ ላይ ከመሬት የሚነሣው ወበቅ ይጨመርበታል። ስልክ ከእጅ ይሟለጫል፣ የሞተር ሳይክል መሪ ይሟለጫል፣ ማጭድም ይሟለጫል። ስልክ ቢወድቅ መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ ያናድዳል እንጂ ያልፋል። ማጭድ ሲያመልጥ ግን የሚያርፈው ቅልጥም ላይ ነው።

እኔ እጀታ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። አጎቴ ገንዳ ውኃ ላይ፣ ትልልቆቹ አሁንም ሸኽዲ በሚሏት ከተማ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። የማጭድ፣ የመጥረቢያ፣ የገጀራና የዶማ እጀታ ይሠራል። ብረቱ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የእሱ ሥራ ብረቱ ከሰው እጅ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እዚያ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም ቤተሰብ ጋ በመጣሁ ቁጥር ሁለተኛው ቀን ላይ ራሴን እዚያው በርጩማ ላይ አገኘዋለሁ።

ሥራው የሚጧጧፈው መስከረም ላይ ነው። ያን ጊዜ ሳሉጎች ይወርዳሉ። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ብዙው በእኔ ዕድሜ ያለ ወጣት። ወባውን፣ ካላዛር የምታስይዘውን የአሸዋ ዝንብ፣ ሙቀቱንም ችሎ ሁለት ሦስት ወር ይሠራል። ሰሊጥ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ፍሬው በቅጡ ደርቆ ቆባው ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ገና ትንሽ አረንጓዴነት ሳለው መታጨድ፣ መታሰርና ተደግፎ ቆሞ መድረቅ አለበት። አጨዳው ሩጫ ነው ማለት ነው። በሩጫ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በላብ የሚሟለጭ ማጭድ ይዞ አይሮጥም።

አጎቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ እንጨት ማሻከር አልነበረም። ጥያቄ ነው ያስተማረኝ፦ «ይሄ ነገር ከእጅ የሚያመልጠው በየት በኩል ነው?» ማጭድ ይሳባል፤ ስለዚህ የሚያመልጠው በቁመቱ ነው። ክርክሩ አግድም፣ እንደ ቀለበት ይቆረጣል። መጥረቢያ ሌላ ነው። ሲነሣና ሲወርድ ላይኛው እጅ በእንጨቱ ላይ መንሸራተት አለበት፤ እዚያ ላይ ብታሻክረው መዳፍ ትልጣለህ። መጥረቢያ ለስልሶ ጫፉ ብቻ ወፈር ይላል። ከልክ በላይ የሻከረ እጀታም ራሱ በሽታ ነው። እጁ ውኃ የቋጠረ ሳሉግ በማግሥቱ ማጨድ አይችልም፤ ያላጨደ ደግሞ አይከፈለውም።

በእንጨቱ ላይ የሚቆረጠውን ያን መሥመር ክርክር እንለዋለን። ግሡ ከረከረ ነው፤ በሞረድም በመጋዝም ይከረከራል። ሁለት ሰው የሚጋጠመውም ክርክር ያው ክርክር ነው። ልጅ ሆኜ ይሄ ያስቀኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ቃሉ ልክ ነው። የለሰለሰ ነገር ላይ ምንም አይቆምም፤ እጅ የሚይዘው የሚቃወመው ነገር ሲያገኝ ነው።

ታዲያ የሽጉጥ እጀታ እንዴት መጣ? እውነት ለመናገር፣ በእኛ አገር ጥያቄው እንዴት ሳይመጣ ቆየ ነው መሆን ያለበት። መሣሪያ እዚህ የቤት ዕቃ ነው። የጠመንጃን ስም እንኳ እንደ ዘመድ ስም አልምደነዋል፦ የፈረንሳዩን ግራ ውጅግራ አልነው፣ ለበሉን ለበን፣ ማንሊኸሩን ምንሽር፣ ካላሽንኮቩን ክላሽ። ሽጉጥ ግን የራሳችን ቃል ነው፤ ሸጎጠ ከሚለው። ክላሽ ይነገታል፣ ሽጉጥ ይሸጎጣል። አንዱ እንዲታይ ነው፣ ሌላው እንዳይታይ። እጀታን ማሳመርም አዲስ ነገር አይደለም። የድሮ ሰዎች የጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ያሠሩ ነበር፤ የጠመንጃ ሰደፍ በቆዳ ያለብሱ ነበር። ዛሬም በባለ ቀለም ፕላስተር የተጠቀለለ ክላሽ መንገድ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም።

ደግሞ ይሄ ምድር ከሽጉጥና ከጠመንጃ ጋር ያለው ታሪክ ከባድ ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ያለችው ቋራ የካሣ አገር ናት። ያ ካሣ አፄ ቴዎድሮስ ሆኖ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሱን ያጠፋበት ሽጉጥ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደነበር ይነገራል። ሽጉጡ ላይ በተለጠፈው የብር ሰሌዳ፣ ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለቆንስል ፕላውደን ስለተደረገው ደግነት ታመሰግናለች። የምስጋና ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ነበር እጁ ላይ የነበረው። ወደ ድንበሩ ስትወርድ ደግሞ መተማ ዮሐንስ አለች፤ ስሟ ራሱ መታሰቢያ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 በተደረገው ውጊያ አፄ ዮሐንስ የቆሰሉትና የሞቱት እዚያ ነው። እኛ እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ነው እጀታ የምንሠራው።

መስከረም 2015 ላይ አንድ ሰው ሱቃችን መጡ። የአንድ ሰሊጥ እርሻ ዘበኛ ናቸው፤ በአጎቴ ዕድሜ የሚሆኑ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ቁጭ ብለው ውኃ ጠጡና፣ «አንተ ልጅ፣ እጅህ ጥሩ ነው ይሉኛል» አሉ። ከአባታቸው የወረሱት፣ በስማቸው የተመዘገበ ብራውኒንግ አላቸው። ቤልጅግ ሠራሽ ነው፤ በሁለቱ ጎን በአንድ አንድ ብሎን የሚታሰር የእንጨት ልባጥ ያለው። ሲሠራ ልባጡ ላይ ደቃቅ ክርክር ነበረበት። እሱ ድሮ ተሰብሮ፣ በዘመኑ አንድ ሰው በለስላሳ ወይራ ተክቶታል። «ሲያልበኝ እንደ ሳሙና ነው» አሉ። «ብረቱን ራሱን ፊት ለፊቱን ብትሞርድልኝም ጥሩ ነው።»

አጎቴን አየሁት። እሱ የሚሞርደውን እየሞረደ ቀጠለ። ለካ መልሱን ለእኔ ትቶታል።

«ጋሼ፣ ብረቱን አልነካም» አልኳቸው። «ብረቱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የመንግሥት ነው። ልባጡ ግን የእጅዎ ነው፣ እሱን እሠራለሁ።»

ይሄን ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ የሚከለክለው መያዝን ብቻ አይደለም፤ መጠገንም አለበት። እኛ ደግሞ የማጭድ እጀታ ሠሪዎች ነን። መሣሪያው ሱቃችን ውስጥ አንድ ሌሊት እንዲያድር አልፈለግሁም። ብረቱን ቤታቸው ትተው፣ ጥይቱን አውጥተው፣ መዝጊያውን ስበው ባዶ መሆኑን በዓይናቸውም በጣታቸውም ካረጋገጡ በኋላ ብሎኖቹን ፈትተው የወይራ ልባጦቹን ብቻ እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። በማግሥቱ በመሀረብ ቋጥረው አመጡ። ከእነሱ ጋር የፈቃድ ወረቀታቸውንም ይዘው ነበር፤ ሳልጠይቃቸው ዘርግተው አሳዩኝ። የሰውየውን ነገር የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

እንጨቱን የመረጠው አጎቴ ነው፤ ዞቢ። የመተማና የቋራ ሰው ዞቢን ያውቀዋል። ውስጡ ጥቁር፣ ውኃ ውስጥ የሚሰጥም፣ መጋዝ የሚያደነዝዝ እንጨት ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ክላርኔት የሚሠራው ከዚህ ዛፍ ነው፤ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ከሰል ይሆናል። አጎቴ ከአንድ አሮጌ ምሰሶ የቀረ ቁራጭ ለዓመታት አስቀምጦ ነበር። ለምን እንደሚያስቀምጠው ጠይቄው አላውቅም።

ሥራው ሦስት ምሽት ፈጀ። ወይራውን አስደግፌ ቅርጹንና የብሎኑን ቀዳዳ ዞቢው ላይ ሣልኩ፣ ቆረጥኩ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ። እስከዚህ የለመድኩት ነው። ክርክሩ ግን ሌላ ነው። ማጭድ የሚሸሸው በአንድ በኩል ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፣ መዳፍ ውስጥም መዞር ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ የተቆረጠ መሥመር አይበቃውም። በሁለት አቅጣጫ የሚሄዱ ሰያፍ መሥመሮች መጠላለፍ አለባቸው፤ በመካከላቸው የሚቀረው እንጨት ትንንሽ ሹል አልማዝ ይሆናል። አልማዙ ቁመቱ ከወርዱ ሦስት እጥፍ ገደማ ሲሆን ለዓይንም ለእጅም ይስማማል።

ከባዱ ነገር ርቀቱን እኩል ማድረግ ነው። ዓይን አንዲት መሥመር ስትጣመም ወዲያው ታያለች፤ የጠመመች መሥመር ደግሞ የሚቀጥለውን ሃያ ታጣምማለች። አጎቴ መፍትሔ ነበረው። ሁለት የብረት መጋዝ ምላጭ ወሰደ፣ በመካከላቸው ስስ ቆርቆሮ አስገባና አንድ ላይ አሰራቸው። አንደኛው ምላጭ ቀድሞ በተቆረጠው መሥመር ውስጥ ሲሄድ ሁለተኛው አጠገቡ አዲሱን ይጀምራል። በመሥመርና በመሥመር መካከል አንድ ሚሊሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ዙሪያውን ድንበር በቢላ ትቆርጣለህ፤ ዞቢ ደረቅ ስለሆነ ምላጩ ካመለጠ ጠርዙን ቦጭቆ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉንም መሥመር በስሱ ነው የምታስምረው። ጥልቀቱ በኋላ ይመጣል፣ በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ ደጋግሞ፣ ሳይቸኩሉ። ሁለተኛውን አቅጣጫ ስትጀምር አልማዞቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። የጥርስ ብሩሽ ይዘህ አቧራውን ስትጠርግ፣ ጠረጴዛው ላይ ቅድም እንጨት የነበረው ነገር ሌላ ሆኖ ታየዋለህ። በመጨረሻ ዘይት። ያን ጊዜ እንደ ከሰል ይጠቁራል።

ደስ አለኝ? አዎ፣ በጣም። እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልችልም። እጅ የሠራውን ሲያምርለት አይቶ የማይደሰት ሰው የለም፤ የተሠራው ነገር ምን ላይ እንደሚታሰርም እጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላው የሰውነታችን ክፍል ነው፣ እሱም ዘግይቶ ነው የሚነቃው።

ሲወስዱ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። «አሁን አያመልጥም» አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። ካምፑ ከዋናው መንገድ ሩቅ ነው። ማታ ውሻ ሲጮኽ ይነሣሉ። በጎንደርና በመተማ መንገድ የእገታ ወሬ ያልሰማ ሰው የለም፤ እሳቸው የሚጠብቁት ደግሞ ጎተራውን ብቻ አይደለም፣ መሬት ላይ ሸራ አንጥፈው የሚተኙትን ሳሉጎችም ጭምር ነው። «ሌሊት ሙቀት የለም እኮ» አሉኝ። «ሌሊት ይበርዳል። እጄ ግን ያን ጊዜ ነው የሚያልበው።»

ምን ይባላል? የሙቀትን ላብ አውቀዋለሁ። ስንት ሚሊሜትር ክርክር እንደሚያቆመው ልነግራችሁ እችላለሁ። የፍርሃትን ላብ የሚያቆም ሞረድ ግን አጎቴም የለውም። ዝም አልኩ። ዋጋ ሲጠይቁኝ የሦስት ማጭድ እጀታ ዋጋ ነገርኳቸው፤ አጎቴ ከጀርባዬ ሳቀ።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሲያልቅ ተመልሰው መጡ። ደኅና ናቸው። አንድም ቀን አልተኮሱም። የመጡት ግን ሸሚዛቸውን ገልጠው ሊያሳዩኝ ነው፤ ቀኝ ወገባቸው ላይ፣ ሽጉጡ በሚሸጎጥበት በኩል፣ ቆዳቸው የምላጭ ወረቀት የተፈተገ መስሎ ቀልቷል። ክርክሩ ነው። መዳፍን የሚይዝ ነገር ወገብንም ይይዛል። «ድሮ እንደያዝኩት እንኳ እረሳው ነበር» አሉ። «አሁን ስቀመጥ ይነግረኛል፣ ስነሣ ይነግረኛል፣ ስሰግድ ይነግረኛል።»

«ላለስልሰው ጋሼ?» አልኳቸው።

አሰቡ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ በዚያ መሀል ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሄደ። በመጨረሻ፣ «ወደ ሆዴ ያለውን ብቻ» አሉ። «ውጭውን ተወው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። የውስጠኛውን ልባጥ የአልማዞቹን ጫፍ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ገደልኩት፤ መሥመሩ ይታያል፣ ሹልነቱ ግን የለም። የውጭው እንዳለ ቀረ። አንድ ጎኑ የሚናከስ አንድ ጎኑ የማይናከስ ሽጉጥ ይዘው ሄዱ። ያ ነገር ለረጅም ጊዜ ከጭንቅላቴ አልወጣም። መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ወገቡን የሚፈትግ ነገር ቢኖርበት ኖሮ፣ መያዙን በየደቂቃው እያወቀ ቢይዝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ግን ደግሞ የማይመች ነገር ከበዛ ሰው ያለሰልሰዋል። እሳቸው እንኳ አለሰለሱት፤ ያለሰለስኩላቸውም እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ፣ መተማ ዮሐንስ ሻንጣና ሕፃን ባዘሉ ሰዎች ተሞላች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተኩሱ ወደ ቤታችን ገባ። የዞቢው ልባጥ ወሬ ደግሞ ከሱቃችን ወጥቶ ሄዷል። ልጆች መምጣት ጀመሩ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ አብረን ኳስ የተጫወትን ሁሉ። የያዙት ብራውኒንግ አይደለም። በድንበሩ በኮንትሮባንድ የሚገባው ዓይነት፣ መያዣው ራሱ ፕላስቲክ የሆነ አዲስ ሽጉጥ ነው። በቴሌግራም ቪዲዮ ያሳዩኛል፦ አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ፣ ራዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት የጋለ ካውያ ፕላስቲኩን ነጥብ በነጥብ እያቀለጠ ያሻክረዋል። «ለአንተማ ቀላል ነው» ይሉኛል።

ቀላል ነው፣ አዎ። ከዞቢ ይቀላል። ልዩነቱን ለማስረዳት ስሞክር ግን ይስቁብኛል። እንጨት ልባጥ ላይ የተሠራ ነገር በአንድ ብሎን ይፈታል፤ አልስማማ ካለህ ታወጣዋለህ፣ ወገብህን ከፈተገህ ትገድለዋለህ። ፕላስቲኩ ግን አካሉ ነው። አንዴ የቀለጠ አይመለስም፤ ስስ ስለሆነም ትንሽ ከጠለቅህ ይበሳል። ቁጥሩም እዚያው አካሉ ላይ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ቁጥር የነበረበት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ወረቀት ዘርግቶ ያሳየኝ የለም። የማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠብቅ የነገረኝም የለም። «ሲያልበኝ ያመልጠኛል» ያለኝ እንኳ አንድ የለም፤ «ያምራል» ነው የሚሉት።

ስለዚህ አልሠራም አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ፣ «ለሽማግሌው ሠርተህ ለእኔ?» ብሎ ተቀይሞኛል፤ እስካሁን ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። መልስ የለኝም ማለት አልችልም፣ መልሱ ግን እሱን የሚያረካው ዓይነት አይደለም። ሽማግሌው የመጡት እጃቸው ለምን እንደሚያልበው አውቀው ነው። የአጎቴ ጥያቄ ለሽጉጥም ይሠራል፦ ይሄ ነገር ከእጅ የሚያመልጠው በየት በኩል ነው? ማጭድ ካመለጠ ቅልጥም ላይ ነው። ይሄኛው ሲያመልጥ የት እንደሚያርፍ የማላውቀውን እጀታ አላሻክርም።

የዘበኛው የወይራ ልባጦች ሱቃችን ቀርተው ነበር፤ «ጣላቸው» ብለውኝ ሄደዋል። ወይራ ግን አይጣልም። ባለፈው መስከረም አንድ ሳሉግ ብረቱ ከእጀታው የሚወላገድ ማጭድ ይዞ መጣ፤ ልጁ ቸኩሏል፣ መኪናው ሊሄድበት ነው። አጎቴ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና አንዱን ልባጥ አነሣ፣ በመጥረቢያ ለሁለት ሰነጠቀው፣ ሹል ሽብልቅ አበጀለት፣ ከብረቱ ጎን ሰክቶ በመዶሻ መታው። ማጭዱ ቀጥ አለ። ልጁ አንዴ በአየር ላይ ወዘወዘውና ሒሳቡን ከፍሎ ሮጠ። ሁለተኛው ልባጥ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ።